ኢኤስአር 18፣ ሲአርፒ 4፤ የእህቴ ክንድ ግን አሁንም ይዝላል

ስለ እህቴ ሕመም በዚህ ገጽ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 24 መልስ ተጽፎበታል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ከብዷቸው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቁኝ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ እህቴ 27 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ድካም፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ጀመራት። ሰፈራችን ባለ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብላ መድኃኒት ወሰደች። በአራተኛው ነርሷ በግራ ክንዷ ግፊት ልትለካ ብትሞክር መሣሪያው አልቆጥር አለ። ባትሪው አልቋል ብላ ሌላ አመጣች፤ እሱም አልቆጠረም። በቀኟ ሲሆን ወዲያው ቆጠረ። ሪፈር ተጽፎልን ከተማ ስንገባ አንድ ሐኪም ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን በአንድ ጊዜ ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ እኔንም ጠርተው አስዳሰሱኝ። በቀኝ በኩል ጣቴን የሚመታው ነገር በግራ በኩል የለም። በሽታው ታካያሱ ይባላል፤ ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ግድግዳቸው ተቆጥቶ እየወፈረ መንገዱ የሚጠብበት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ነው።

በሰውነት ውስጥ ብግነት፣ ማለትም መቆጣት፣ መኖሩን የሚጠቁሙ ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች አሉ፤ ያን ጊዜ ኢኤስአሯ 96፣ ሲአርፒዋ 61 ነበር። የሰውነት መከላከያን የሚያረግቡ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን የሚባሉ ክኒኖች ጀመረች፤ ትኩሳቱ ጠፋ፣ የግራ እጇ ትርታም ቀጠን ብሎ ተመለሰ። ቁጥሩ ወር በወር እየወረደ አሁን 18 እና 4 ደርሷል። የሰፈሩ ክሊኒክ ወረቀቱን አይቶ ደሟ ንጹሕ ስለሆነ ፕሬድኒሶሎኑን ቶሎ ብትቀንስ እንደሚሻል ነገረን። እሷ ግን ልብስ ስታሰጣ ገመዱን ሳታጋምስ ግራ ክንዷ ይዝላል፤ አውርዳው ትቆምና እንደገና ትጀምራለች። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ብድግ ስትል ይዞራታል። የጠየቅሁት ይህን ነው፦ ደሙ ንጹሕ ከሆነ በሽታው ተኝቷል ማለት ነው? ካልሆነስ የትኛው የደም ምርመራ ነው እውነቱን የሚነግረን?

መልስ 1ን የጻፈው ሚስቱ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሌላ ሕመም) ያለባት ወንድም ነው። እግዚአብሔር ይማርልሽ ብሎ ጀምሮ፣ እነሱ ለዓመታት በሲአርፒ እንደሚመሩና ቁጥሩ ከወረደ ደስ ሊለን እንደሚገባ ጻፈ። ያን ሌሊት እውነትም ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

መልስ 2 ግን ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ ብል ይቀላል። ሰበታ አካባቢ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ስለ ኢኤስአር እንዲህ አድርጎ ያስረዳን ሰው እስካሁን አልነበረም። ደም እንዳይረጋ ከሲትሬት ጋር ተቀላቅሎ 200 ሚሊሜትር በተሰመረበት ቀጭን ቱቦ ይሞላና በመደርደሪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዩ ወደ ታች ሲሰጥም ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ፈሳሽ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይነበባል፤ ቁጥሩ ያ ነው። ዘዴውን ያስፋፋው ዌስተርግሬን የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1921 ነው። በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ፋይብሪኖጅን የሚባለው ፕሮቲን ይበዛል፤ ቀይ የደም ሴሎችም በመሶብ እንደተነባበረ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ፣ ስለሚከብዱም ቶሎ ይወርዳሉ። ይህን ካስረዳ በኋላ የራሱን ገጠመኝ ነገረን። በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ መደርደሪያው የሚቀመጠው ከመስኮት ሥር ነበር፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ቁጥሩ ሁሉ ከፍ ከፍ ይል ነበር። ቱቦው 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ውጤቱ እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል የተማረው እዚያ ነው። ናሙናውም በክፍል ሙቀት ከሆነ በ4 ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት። ከሰፈር ክሊኒክ ተቀድቶ በሞተር ወደ ከተማ የሚላክ ደም ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደሚቆይ እንድንጠይቅም መከረን። የደም ማነስ ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ዕድሜም እንደሚጨምረው ጠቅሶ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ሒሳብ አስቀመጠ፦ ለወንድ ዕድሜው ለሁለት ተካፍሎ፣ ለሴት ዕድሜዋ ላይ 10 ተደምሮ ለሁለት ተካፍሎ። ለእህቴ ሠራሁት፤ 18.5 መጣ። ወረቀቷ ላይ ያለው 18 ነው። ልክ ጠርዙ ላይ ማለት ነው።

መልስ 3 በአንድ መስመር ሲአርፒ ከኢኤስአር በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ። መልስ 4 የጻፉት የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው፤ ከዚያ በኋላም ደጋግመው ስለተመለሱ እኔም በዚህ ጽሑፍ ሐኪሙ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በዋናነት ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው መልእክተኛ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም፣ በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ውስጥ ነው። ብግነት ሲነሣ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ መንሥኤው ሲቆም በ19 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ሲአርፒ የዛሬና የትናንቱን ይናገራል፤ ኢኤስአር ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ያለፉትን ሳምንታት ይዞ ይቆያል። ሁለቱም ግን እሳት መኖሩን እንጂ የት ቤት እንደተነሣ አይናገሩም። ቲቢም፣ የሳንባ ምችም፣ የበሰበሰ ጥርስም ከፍ ያደርጋቸዋል።

ለመልስ 1 ጸሐፊም በትሕትና ማስተካከያ ሰጡ፦ ሉፐስ ሲነሣ ሲአርፒ ብዙ ጊዜ እንደማይጨምር፣ ስለዚህ እነሱ ያንን ብቻ ማመን እንደሌለባቸው። ከዚያ ወደኛ ጉዳይ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 60 የታካያሱ ሕሙማንን የተከታተለበት ጥናት አለ። በሽታቸው ጋብ ብሏል ከተባሉት መካከል ለቀዶ ሕክምና ገብተው ከቧንቧቸው ናሙና ከተወሰደባቸው 44 በመቶው ላይ ብግነቱ ሕያው ሆኖ ተገኝቷል። ኢኤስአርም አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐኪሙ የጨመሩት ምክር አጭር ነው፦ ወረቀቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት መቀነስም መጨመርም አይገባም፤ ግፊት በሁለቱም ክንድ ይለካ፣ አንገቷና ሆዷ በማዳመጫ ይሰማ፣ የአንገት ቧንቧ አልትራሳውንድ ወይም የደም ቧንቧዎቹን የሚያሳየው ሲቲ አንጂዮ ይነሣ።

መልስ 5 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ምሬት ያለበት ሰው ነው። ሐኪሞች ሲቲ የሚያዙት ለገንዘብ እንደሆነ፣ ደም በቂ ካልሆነ ለምን በየወሩ እንደሚቀዱን፣ ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ለአንድ ፎቶ የወር ደሞዙን የሚከፍልበት ምክንያት እንደማይታየው በቁጣ ጻፈ። ወጪውን በተመለከተ እውነቱን ነው፤ እኛም ለመጀመሪያው ሲቲ ከሦስት ዘመድ ተበድረናል። ግን ውድ ስለሆነ አያስፈልግም ወደሚለው ሲሻገር አልተከተልኩትም። ደሙ የማያየውን ነገር ደሙ እንዲያይ ልናስገድደው አንችልም።

መልስ 6 ለገጣፎ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ የጻፉት በልጃቸው ስልክ ነው። ልጃቸው ደም ያስለዋል፣ አፍንጫው ውስጥ ቅርፊት ይይዛል፣ የሳንባ ራጁ ላይ ጉድጓድ ታየ። ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ተጀመረ፤ አክታው የቲቢ ጀርም በሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት በሚባል መሣሪያ ሁለት ጊዜ ታይቶ ምንም የለም። በኋላ ሽንቱ ውስጥ ደም ሲገኝ ነው አንካ የሚባል ምርመራ የታዘዘው። ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቁ። እናታችን የጠየቁት፣ አሁን የአንካው ቁጥር ስለቀነሰ ልጃቸው ድኗል ብለው ማመን ይችሉ እንደሆነ ነው። የእሳቸው ጥያቄ ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ የበሽታው ስም ብቻ ነው የተለየው።

በመልስ 7 ሐኪሙ ረዘም አድርገው መለሱላቸው። አንካ ማለት የገዛ ነጭ የደም ሴሎቻችንን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ ተገለጹ፤ በ1985 ደግሞ ቀድሞ ቬግነር ይባል ከነበረው የደም ቧንቧ ብግነት ሕመም ጋር መያያዛቸው ታወቀ። በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በነጭ ሴሎቹ ውስጥ ያሉትን ፒአር3 የሚባለውንና ኤምፒኦ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያጠቁ። ፒአር3ን የሚያጠቃው ዓይነት ያለበት ሰው ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ ይበልጣል። ምርመራው በሽታውን ለመለየት ትልቅ እርዳታ ነው፤ ለመከታተል ግን ደካማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ዓመት ሙሉ ምንም የማይሰማው አለ፤ ቁጥሩ ሳይነሣ የሚያገረሽበትም አለ። ስለዚህ ምልክት በሌለበት ቁጥር ብቻ ስለጨመረ ሕክምና አይለወጥም፤ ክትትሉ ግን ጠበቅ ይላል፣ በተለይ ኩላሊቱ ለተነካና ሪቱክሲማብ የሚባለውን መድኃኒት ለወሰደ ሰው። ለልጃቸው ከአንካው ይልቅ ተራው የሽንት ምርመራ በየቀጠሮው እንዳይዘለል አደራ አሉ፤ የኩላሊትን ሥራ ለማየት በደም የሚለካው ክሬቲኒን ከፍ ማለት የሚጀምረው ኩላሊት ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው፣ በሽንት ውስጥ ያለው ደም ግን ቀድሞ ይታያል።

መልስ 8 ቡራዩ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ሐኪሙን አክብራ አንድ የቀረ ነገር አለ አለች፦ አንካ የተገኘበት ሁሉ የደም ቧንቧ ብግነት ያለበት አይደለም። ቲቢ፣ የልብ ክፍሎችን የሚያጠቃ ኢንፌክሽንና አንዳንድ መድኃኒቶች ያመጡታል። ለእንቅርት ሕመም ፒቲዩ ለዓመታት የሚወስዱ ብዙ ደንበኞች አሏት፤ ይህ መድኃኒት አንካን ያስነሣል፣ አልፎ አልፎም እውነተኛ የቧንቧ ብግነት ያመጣል። ለግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚንም እንዲሁ። አንዲት እናት መገጣጠሚያቸው አብጦ፣ እግራቸው ላይ ሽፍታ ወጥቶ ለቁስሉ ቅባት ሊገዙ ሲመጡ፣ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ጠይቃ ፒቲዩውን ስታገኝ ወደ ሐኪማቸው እንደላከቻቸው ጻፈች። ሐኪሙ በመልስ 9 አመሰገኗት፤ ሳይጽፉት መቅረታቸው ስሕተት እንደነበረም በግልጽ ተቀበሉ። እንዲህ ያለ መተራረም ማየት ልቤን ሞላው።

መልስ 10 በጥቁር አዝሙድና በማር አጎቱ ከሪህ ስለዳነ እህቴ ክኒኑን ጥላ እንድትሞክረው መከረ። መልስ 11 ሰውየውን ነፍሰ ገዳይ እስከማለት ደርሶ ተሳደበ፤ ስድቡ አያስፈልግም ነበር፣ ፍርሃቱ ግን ልክ ነው። ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ትተው ስለቆዩ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል። መልስ 12 የአንዲት እናት ቃል ነው፤ እሳቸው ጸበል እንደሚሄዱ፣ ክኒናቸውንም በጸበሉ እንደሚውጡ ጻፉ። የኛም እናት እህቴን እንጦጦ ይዛት ወጥታለች፤ የጠዋቱን ክኒን በእጇ ሰጥታ፣ ስትውጥ አይታ። በሁለቱ መካከል ምረጡ የሚለንን ሰው አንሰማም።

ከ13 እስከ 16 ያሉት መልሶች ከጉዳዩ ወጡ። ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ፣ ባዶ ሆድ መንገድ ላይ መዋል፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሕመምተኛ አዝሎ አራተኛ ፎቅ መውጣት፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ። አንዷ እንዲያውም የሚከራይ ባለ አንድ መኝታ ጠየቀች። ከዚህ ሁሉ መሀል ግን የሰበታው ላብራቶሪ ባለሙያ አንድ ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ፦ ለኢኤስአርም ለሲአርፒም ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ጊዜ እህቴ ሳትቀምስ፣ በፕሬድኒሶሎን ሆዷ እየተቃጠለ ስትሰለፍ ኖራለች። የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መልስ 17 የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ ብግነትን ለማሳየት በደምና በሽንት የሚለኩ፣ ገና በጥናት ላይ ስላሉ አመልካቾች ጻፈ። ፔንትራክሲን 3 የሚባለው የሲአርፒ ዘመድ ሲሆን በዋናነት የሚሠራው ግን በጉበት ሳይሆን ብግነቱ ባለበት፣ በቧንቧው ግድግዳ አካባቢ ነው፤ ለታካያሱ ተስፋ ቢጣልበትም የጥናቶቹ ውጤት አልተስማማም። ካልፕሮቴክቲን ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ሲሆን ለአንካው ሕመም ተሞክሯል። በሽንት የሚለካው ሲዲ163 የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊት ውስጥ ብግነቱ ሕያው መሆኑን በማሳየት ከሁሉ የተሻለ ይመስላል። ከዚህ ቀጥሎ የጻፈው ለኔ አዲስ ነበር፦ ቶሲሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት የኢንተርሉኪን 6ን በር ስለሚዘጋ፣ የሚወስደው ሰው ሲአርፒ በሽታው እየነደደም ቢሆን ሊወርድ ይችላል። የቁጥሩ ማነስ የመድኃኒቱ ሥራ እንጂ የበሽታው መተኛት ላይሆን ይችላል።

መልስ 18 ተማሪውን ክፉኛ ወረፈው። እዚህ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣ በሚቆምበት ሰፈር የፔንትራክሲን ወሬ ለማን እንደሚጠቅም፣ የፈረንጅ ጆርናል ማንበብ ሕመምተኛ እንደማያድን ጻፈበት። ተማሪው በ19 መለሰ፤ የራሱ አባት በዚሁ በአንካው ሕመም ኩላሊቱን አጥቶ ለዲያሊሲስ እንደሚመላለስና የሚያነበውም ለዚያ እንደሆነ። 18ኛው በ20 ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ለተማሪው አደላለሁ። ዛሬ የሌለ ምርመራ ነገ ይመጣል፤ ሲአርፒም አንድ ጊዜ እንዲሁ የጥናት ወሬ ነበር።

መልስ 21 ጅማ አካባቢ የሠሩ ሌላ ሐኪም ናቸው፤ ስለ ኢዮሲኖፊል አነሡ። አስም ኖሮበት ይህ ነጭ ሴል በጣም የሚበዛበት የቧንቧ ብግነት አለ፣ በውጭ አገር ቁጥሩ እንደ አመልካች ይቆጠራል። በኛ አገር ግን መንጠቆ ትልና ሌሎች የሆድ ትላትሎች ከፍ ያደርጉታል። ከሁሉ የሚያስፈራቸው ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ነው፤ ሰውየው ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ተባዝቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ሰገራ መታየቱን እንድንጠይቅ አሳሰቡ።

ከሁሉ አብልጬ የያዝኩት መልስ 22ን ነው። ገላን የምትኖር፣ ታካያሱ ካለባት 11 ዓመት የሆናት ሴት ናት። ሁለት ጊዜ አገርሽቶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ኢኤስአሯ ደህና እያለ መጀመሪያ ያስታወቃት ፀጉሯ ነው፦ ሹሩባ ስትሠራ ክንዷ መሀል መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ቀጥሎ የአንገቷ ጎን፣ ትርታው የሚመታበት ቦታ፣ ሲነኩት ያማል። ደሟ ያንን ያረጋገጠው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። እህቴን ጠርቼ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና ሁለት ጣቷን ከመንጋጋዋ ሥር አስቀምጣ ተጫነችው፤ ፊቷ ተኮማተረ። ለማንም አልነገረችም ነበር፣ የትራስ ሕመም መስሏት።

በመልስ 23 የላብራቶሪው ባለሙያ ደብተር እንድንይዝ መከረ፦ ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ፣ አንድ ዓይነት ዘዴ፣ ከጎኑ የዚያ ሳምንት ጉንፋንና የጥርስ ሕመም፣ የሁለቱም ክንድ ግፊት። ሐኪሙ በ24 አንድ ነገር አከሉ፤ በሁለቱ ክንዶች መካከል የላይኛው ግፊት ልዩነት ከ10 ከበለጠ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፣ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንሄድ።

የግፊት መለኪያ ከጎረቤት ተዋስን። ማክሰኞ ማታ እህቴ ተቀምጣ አምስት ደቂቃ ካረፈች በኋላ ለካኋት፤ ቀኝ 138፣ ግራ 96። ረቡዕ ጠዋት ቀኝ 136፣ ግራ 92። ፕሬድኒሶሎኑን አልቀነስንም። መጀመሪያ አንጓዋን የያዙት ሐኪም ጋ ስልክ ደውለን ለሐሙስ እንድንመጣ ብለውናል፤ ደብተሩን እሷ ይዛዋለች፣ የአንገቷን ሕመም በራሷ እጅ ጽፋበታለች።